የኮድቡሯ ዝግባ

ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ሐርጌሳ

የኢዶ ሻምሶ ፍየል ዛሬ ገመዷን በጥሳ ዝግባዬን በላችብኝ። ጫፏን ገና አልነካችም፤ ከወገቧ በታች ያሉትን ቅርንጫፎች ግን ሙልጭ አድርጋቸዋለች። እዚህ ከተማ ፍየል የማይበላው ነገር የለም፤ ካርቶን ሲያላምጡ አይቻለሁ። ቢሆንም ኮድቡር ሰፈር ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ የኔዋን መምረጧ አናደደኝ።

ኢዶ ሻምሶ ከጓሮ እየሮጡ መጥተው ፍየሏን በነጠላ ጫማ መቷት። አከራያችን ናቸው። የፊቱን ቤት ለእኛ አከራይተው እሳቸው ከኋላ ባሉት ክፍሎች ይኖራሉ። እዚህ ትልቅ ሴት ኢዶ ትባላለች፣ አክስቴ እንደ ማለት ነው።

“አፉ በይኝ መቅዲ፣ ልጅሽን አስነካሁብሽ” አሉኝ። ጅጅጋ ሲነግዱ የለመዱት አማርኛ አላቸው። ልጅሽ የሚሉት ዛፏን ነው። ሌላ ልጅ የለኝም።

ሰይፈ ከቢሮ ሲመጣ ነገርኩት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ “ኪራይ ቤት ዛፍ የሚተክል ሰው ሪስኩን መቀበል አለበት” አለ። ባሌ የርዳታ ድርጅት ፕሮግራም ኃላፊ ነው፤ ስለ ፍየል ሲያወራም ፕሮፖዛል የሚጽፍ ይመስላል።

እውነቱን ነው ግን። ኪራይ ቤት ዛፍ የሚተክል ማነው? ያውም ዝግባ።

ጥር 11

ጥምቀት። ሰይፈ ሪፖርት ነበረው።

ጥር 13

ትናንት የሰይፈ ባልደረቦች እራት መጡ። አንዷ እኔ ሰላጣ ይዤ ቆሜ ሳለ “ባለቤትህ ምን ትሠራለች?” ብላ ጠየቀችው። “ለጊዜው እረፍት ላይ ናት” አላት።

እረፍት። ስምንት ዓመት የዛፍ ዘር ላቦራቶሪ ውስጥ ሠርቻለሁ። የማስተርስ ጽሑፌ በዝግባ ዘር አበቃቀል ላይ ነው። የዝግባ ዘር ቅርፊቱ ድንጋይ ነው፤ ካልሰነጠቁለት ዓመት ሙሉ አፈር ውስጥ ይተኛል፣ አብዝተው ከመቱት ውስጡ ይሞታል። እጅ የት ላይ መቆም እንዳለበት የሚያውቅ ሰው ብዙ አይደለም። ይህንን ለእንግዶቹ አልነገርኳቸውም። ሰላጣውን አቀረብኩ።

ዝግባዋን ከዚያ ላቦራቶሪ ነው ያመጣኋት። የሥራ መልቀቂያዬን ባስገባሁበት ሳምንት ራሴ ሰንጥቄ ያበቀልኳት ናት። የዛሬ ሁለት ዓመት ከውጫሌ ድንበር ጀምሮ ጭኔ ላይ አድርጌ መጣሁ፤ ፈታሹ ምንድነው ሲለኝ የቅመም ተክል ነው አልኩት። ዝግባ ወንዱ ለብቻው ሴቷ ለብቻዋ ነው፣ ፆታውም የሚታወቀው ሲያድግ ነው። እኔ ግን እሷ እላታለሁ። አባቴ ቁመናው ያማረ ሰው ሲያይ “ዝግባ ነው” ይል ነበር። የኔዋ ጉልበቴን አለፍ ትላለች።

ሥራዬ ናፍቆኝ አይደለም ይህን የምጽፈው። እንዲያው ነው።

ጥር 18

የኢዶ ሻምሶ ባል ወንድም ከኖርዌይ መጡ። ባልየው፣ አያንሌ የሚባሉት፣ እኛ ከመምጣታችን በፊት ነው የሞቱት። ወንድምየው ዓብዲከሪም ይባላሉ። ረጅም፣ ጸጉራቸው የነጣ፣ በዚህ ሙቀት ጃኬታቸውን የማያወልቁ ሰው ናቸው። በርገን የምትባል ከተማ አውቶቡስ ይነዳሉ። ግቢውን ዞሩ። ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። የውኃ ጉድጓዱን ክዳን ከፍተው ወደ ውስጥ እያዩ ብዙ ቆዩ።

ኢዶ ሻምሶ ምሳ አቀረቡላቸው፤ አብረው ግን አልበሉም። ነገር አለ።

ጥር 24

ነገሩ ታወቀ። ፈዲላ ነገረችኝ። የከሚሴ ልጅ ናት፣ ጋአን ሊባህ ሰፈር ሱቅ አላት፤ የሐርጌሳ ሀበሻ ሁሉ በርበሬና ሽሮ የሚገዛው ከእሷ ነው፣ ወሬውንም በምርቃት ትሰጣለች።

መሬቱን አባትየው የሰጡት ለታላቁ ልጅ፣ ለዓብዲከሪም ነበር። እሳቸው በጦርነቱ ጊዜ ወደ አውሮፓ ሲሄዱ ለታናሽየው ለአያንሌ አደራ አሉት። አያንሌና ኢዶ ሻምሶ የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ ኢትዮጵያ፣ ሐርታ ሼክ ከነበረው የስደተኞች ሰፈር ሲመለሱ ገብተው ኖሩበት፣ ቤትም ሠሩበት። አሁን ዓብዲከሪም “መሬቴን መልሱልኝ፣ ቤት ሠርቼ እርጅናዬን አገሬ ልጨርስ” ይላሉ። ኢዶ ሻምሶ “በስልክ ለባሌ ሰጥተኸዋል፣ ያንተ ነው ብለኸዋል” ይላሉ። ዓብዲከሪም አላልኩም ይላሉ።

ማን ይናገር የነበረ፣ ማን ያርዳ የቀበረ ይባላል። የነበረው ሰውዬ ግን ተቀብሯል።

ኢዶ ሻምሶ ከተረቱ መሐመድ ሞጌ ሰፈር እህታቸው ዘንድ ይገባሉ፤ እህትየው ከነልጅ ልጆቿ በአንዲት ክፍል ነው የምትኖረው። እኛ ሌላ ቤት እንከራያለን። ሰይፈ አማራጭ ማየት ጀምሯል። “ኦፕሽን መያዝ አይከፋም” ይላል።

የካቲት 6

የውኃ ቦቴ አልመጣም። ዕቃ ሳይታጠብ ሁለተኛ ቀኑ። የዝግባዋ ቅጠል ጫፍ ጫፉ ቢጫ። ይህ አየር ለእሷ አይደለም፣ ጉምና ጥላ ነው የምትፈልገው። ኪራይ ቤት ዛፍ የሚተክል ማነው።

የካቲት 13

ዛሬ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ግቢያችን ውስጥ፣ ከግንቡ ጥላ ሥር፣ ምንጣፍ ላይ። እኔ መስኮቴ ጋ ልብስ አጥፋለሁ። ፈዲላ ለጾም መያዣ ሽሮ ልታደርስልኝ መጥታ ስለነበር አጠገቤ ቆማ በሹክሹክታ ታስተረጉምልኛለች።

ዋናው ሽማግሌ አዴር ሰሀል ናቸው፣ አዴር አጎቴ እንደ ማለት ነው፤ ጢማቸው ሂና የተቀባ፣ ሰው ሲናገር ዓይናቸውን የሚጨፍኑ። ዓብዲከሪም ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም።

“ቤት ሥራ ብዬ ፈቅጄለታለሁ” አሉ። “አልክድም። ቤት ይሠራል፣ ይፈርሳል። ወንድሜ ግን አደራ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ስለዚህ አንድም ዛፍ አልተከለም።”

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ምን ማለታቸው ነው ብዬ ፈዲላን ጠየቅኳት።

“አደራ መሬት ላይ ዛፍ አይተከልም” አለች። “ዛፍ የሚተክለው ባለቤት ነው። ባለአደራ ተክሎ ባለቤቱ መጥቶ አይቶ ዝም ካለ፣ ሰጠው ማለት ነው።”

እዚህ ላይ ኢዶ ሻምሶ ተነሡ። የተናገሩት አጭር ነው። እጃቸውን ዘረጉ፣ ሁሉም ዞረው አዩ። ዝግባዬን ነው ያዩት።

“‘ባሌ ከሐርታ ሼክ ስንመለስ ከኢትዮጵያ ያመጣት ናት’ አለች” አለች ፈዲላ።

“ማንን?”

“ዛፏን ነዋ። ሱብሃነላህ።”

ሽማግሌዎቹ ሄደው ከበቧት። አንዱ የተራራው ጥድ ናት አለ፣ ሌላው አይደለችም አለ። አዴር ሰሀል ጎንበስ ብለው ቅጠሏን በጣታቸው አሹ፣ አሸተቱም። ዓብዲከሪም “አንድ ጊዜ፣ የዛሬ አሥራ ሁለት ዓመት፣ መጥቼ ሁለት ሳምንት ተቀምጫለሁ። ዛፍ አላየሁም” አሉ።

“ዝቅ ብለህ አላየህም” አሉ ኢዶ ሻምሶ። “ፍየል እየበላት ቁርጭምጭሚትህ ላይ ነበረች።”

አንደኛው ሽማግሌ ሳቃቸውን ወደ ሳል ለወጡት። ከዚያ ኢዶ ሻምሶ የኔን ስም ሲጠሩ ሰማሁ። ሁሉም ወደ መስኮቱ አዩ። የሰይፈን ካናቴራ ይዤ ቆሜያለሁ።

“የዛፍ ሐኪም ናት እያለች ነው” አለች ፈዲላ።

አዴር ሰሀል ወሰኑ፦ ረመዳን በሩ ላይ ነው፣ ጠብ ይዘን አንገባም፤ ከዒድ በኋላ ተመልሰን እንቀመጣለን፣ ዛፏን የምታውቀው ሴት ስለ ዛፏ ትነግረናለች።

ሁለት ዓመት እዚህ ስኖር ስለ ዛፍ የጠየቀኝ ሰው ይህ የመጀመሪያው ነው።

የካቲት 14

ኢዶ ሻምሶ በጠዋት ሙፎ የሚሉትን ቂጣ ይዘው መጡ። ያፍራሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አላፈሩም።

“ውሸት ነው እኮ ኢዶ” አልኳቸው።

“አዎ። የዋሸሁት እኔ ነኝ። አንቺ የምትጠየቂው ሊሆን ይችላል ወይስ አይችልም ብቻ ነው።”

“አቶ አያንሌ ዛፍ ይወዱ ነበር?”

“አያንሌ? ፍየል ነበር የሚወደው።”

ሳልፈልግ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። “ስሚኝ መቅዲ” አሉ። “ዓብዲከሪም በስልክ ‘መሬቱ ያንተ ነው’ ሲለው አጠገቡ ተቀምጬ ሰምቻለሁ። ያ እውነት ነው፣ ግን ምስክር የለውም። ምስክር ያለኝ ለዚህኛው ነው።”

እውነት በስልክ ተብሎ ይሆን? አላውቅም። እንዴት አውቃለሁ? ሙፎውን በላሁት።

የካቲት 17

ዓቢይ ጾም ገባ።

ሰይፈ ጉዳዩን ወዶታል። ከተጋባን ወዲህ ስለ ዛፍ ይህን ያህል አውርቶኝ አያውቅም። “ፍየል የበላው ዛፍ ሳያድግ ይቆያል ወይስ አይቆይም?” አለኝ።

“ይቆያል። በየዓመቱ ከተበላ ለአሥርት ዓመታት ቁጥቋጦ ሆኖ ሊቀር ይችላል።”

“በቃ። ‘ሊሆን ይችላል’ በያቸው። ቴክኒካሊ ውሸት አይደለም። እኛ ዓመቱን ሙሉ ሪፖርት ላይ የምንጽፈው እሱን ነው።”

ያልነገርኩት ነገር አለ። ፍየል የምታስቀረው ቁመት ነው፤ ግንዱ ግን ይወፍራል። የሠላሳ ዓመት ዝግባ ጉልበት ላይ ብትቀር እንኳ ግንዷ የሰው ክንድ ያክላል። የኔዋ ግንድ እስክሪብቶ ነው። ዛፍ የሚያውቅ ሰው አንዴ አይቶ ይስቃል። እዚህ ዝግባ የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ነኝ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

የካቲት 23

ረመዳን። እሳቸው ቀን አይበሉም፣ እኔ ሥጋና ወተት አልነካም። ግቢው ውስጥ እንዳሻት የምትበላው ፍየሏ ብቻ ናት።

የካቲት 28

ከትናንት ወዲያ ማፍጠሪያ ላይ ኢዶ ሻምሶ ሳምቡሳ ላኩልኝ። የሥጋ ነው፤ ጾም ላይ ነኝ ብዬ መለስኩት። በማግስቱ የምስር ላኩ። አምና ረመዳንም ይልኩልኝ ነበር። አምና ግን ጉርብትና ነው ወይስ ጉቦ ብዬ አልጠየቅኩም። ትኩስ ትኩሱን በላሁና ጠየቅኩ።

መጋቢት 5

አሁንም ቦቴ የለም። ማለዳ ላይ ኢዶ ሻምሶ ለሶላት ውዱእ ያደረጉበትን ውኃ ከሳፋ ቀስ አድርገው ዝግባዋ ሥር ሲያፈሱ አየሁ። አፈሩን በጣታቸው ኮርኮር አድርገው ነው ያፈሰሱት፣ እኔ እንደማደርገው። ለካ ያዩኝ ነበር።

መስኮቴ ክፍት መሆኑን ያውቁ ይሆን? ደግሞ እንዲህ ማሰቤ። ምን ዓይነት ሰው እየሆንኩ ነው?

መጋቢት 8

ፈዲላ ሱቅ ሄድኩ። ከዒድ በኋላ የምታስተረጉመው እሷ ናት፤ አዴር ሰሀል ራሳቸው ጠይቀዋታል። እኔ ዛፏን ስተክል ደግሞ ባልዲ ይዛልኝ ነበር።

“ምን ልበል?” አልኳት።

“በረመዳን ስለ ውሸት አታማክሪኝ” አለች ምስር እየመዘነች። “አላህ ያየናል። የምትይውን አስተረጉማለሁ፣ ወላሂ፣ አልጨምርም አልቀንስም።”

“እውነቱን ብናገርስ?”

ምስሩን ሰጠችኝ። “ታዲያ አንቺ ትሄጃለሽ” አለች። “የባልሽ ኮንትራት ያልቃል፣ ትሄጃለሽ። እሷ የት ትሄዳለች?”

መጋቢት 14

ዓብዲከሪም ዛሬ ብቻቸውን መጥተው ጉድጓዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ኢዶ ሻምሶ ገበያ ነበሩ። ሰውየው ምንም አላደረጉም፤ ክዳኑ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆዩ። ሲሄዱ የቴምር ከረጢት ኢዶ ሻምሶ በር ላይ ሰቅለው ሄዱ።

ክፉ ሰው ቢሆኑልኝ ምን ነበረበት።

መጋቢት 21

ዒድ። ተቃቅፈን ተመራረቅን። ኢዶ ሻምሶ እጄን ሂና ቀቡኝ። ስለ ዛፏ አንድ ቃል አላነሡም። ቢያነሡ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 24

ነገ ነው። ዓረፍተ ነገሬን አዘጋጅቻለሁ። ላቦራቶሪ ውስጥ እንደምጽፈው ነው የጻፍኩት፤ እንከን የለውም። ሰይፈ አንብቦ “ክሊን ነው” አለ።

መጋቢት 25

ተፈጸመ። በሥርዓቱ ልጻፈው።

ምንጣፉ ላይ ወንበር አመጡልኝ፤ ከሽማግሌዎቹ በላይ አልቀመጥም ብዬ ቆምኩ። ፈዲላ አጠገቤ ቆመች። አዴር ሰሀል መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ዛፏ አልነበረም። የት እንደተማርኩ፣ ምን ያህል እንደሠራሁ፣ ሥራዬ ምን እንደነበር ጠየቁኝ። ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁ።

ነገርኳቸው። በአጭሩ ልናገር ነበር ያሰብኩት። ስለ ዘሩ ቅርፊት፣ መዶሻው እንዴት እንደሚያዝ፣ ዝግባ ጥላ ሥር ስታድግና ሜዳ ላይ ስታድግ ያላት ልዩነት፣ ወፎች ፍሬዋን በልተው ዘሯን ጫካ ለጫካ እንዴት እንደሚበትኑ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ማንም አላቋረጠኝም። አንዱ ሽማግሌ ስለ ወፎቹ ደግሜ እንድነግራቸው ጠየቁኝ። ፈዲላ ላብ አጠመቃት። እኔ ግን እስከ ማታ ብናገር አይደክመኝም ነበር።

“ጥሩ” አሉ አዴር ሰሀል ዓይናቸውን ገልጠው። “አሁን ይህች ዛፍ የአያንሌ ልትሆን ትችላለች?”

ዓብዲከሪም እኔን አላዩኝም። ዛፏን ነበር የሚያዩት።

ያዘጋጀሁትን አልኩ፦ “ዝግባ ቀስ ብላ የምታድግ ዛፍ ናት። ችግኟን ፍየል በየጊዜው ከበላት፣ ለብዙ ዓመታት ሳትረዝም ልትቆይ ትችላለች።”

ፈዲላ አስተረጎመች። የኔ ረጅም ነበር፣ የእሷ አጭር ሆነ። ሶማሊኛ አልችልም፤ ግን እኔ ያልጠራሁት ስም ውስጡ ነበር፦ አያንሌ።

አዴር ሰሀል ወደ እኔ ዞሩ። “ሃ?” አሉኝ። ሃ ማለት አዎ ማለት ነው፤ ለዚህ አስተርጓሚ አያስፈልግም።

“አይደለም፣ እንደዚያ አላልኩም” ማለት እችል ነበር። ስለ ግንዱ ውፍረት መናገር እችል ነበር። የዛፍ ሐኪም ብለው ያቆሙኝ ለዚያ ነው። ኢዶ ሻምሶ ከበራቸው ሥር ቆመዋል፣ ሻሻቸውን በጥርሳቸው ይዘዋል።

ራሴን ነቀነቅኩ።

ዓብዲከሪም ይከራከራሉ፣ ሌላ ሐኪም ይምጣ ይላሉ ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ዛፏ ጋ ሄዱና ቆሙ። ከዚያ ተመልሰው “መሬቱ የወንድሜ ነው” አሉ። ሽማግሌዎቹ በፋቲሃ ጸሎት አሳረጉ። ሻይ መጣ።

ኢዶ ሻምሶ አቅፈውኝ አለቀሱ። አብሬያቸው አለቀስኩ፤ ቤታቸው ስለቀረላቸው ደስ ብሎኝ ነው። ከልቤ ደስ ብሎኛል።

መጋቢት 26

ፈዲላን ጠየቅኳት። “ያላልኩትን አልሽ።”

“ያልሽውን ነው ያልኩት። ፍሬ ነገሩን” አለች።

“አልጨምርም ብለሽ በወላሂ ምለሽልኝ ነበር።”

“ያኔ ረመዳን ነበር” አለች። ከዚያ ፊቷን አዞረች። “አንቺስ ለምን ራስሽን ነቀነቅሽ? እኔ ነኝ ያስነቀነቅኩሽ?”



መጋቢት 30

ሰይፈ ነገሩን እራት ላይ ለባልደረቦቹ ተረከላቸው፤ ሳቁ። ያቺው ሴትዮ “ለካ ኤክስፐርት ነሽ!” አለችኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ኢዶ ሻምሶ ዛፏን በድንጋይ ከበዋታል። ከሟች ወገን ሁለት አሮጊቶች መጥተው ቅጠሏን በእጃቸው ዳሰሱ፣ ለአያንሌ ዱዓ አደረጉ። ኢዶ ሻምሶ አያንሌ እንዴት እንዳመጧት ተረኩላቸው። ጭናቸው ላይ አድርገው ነው አሉ፣ ከድንበሩ ጀምሮ። መቼ ነው ይህንን የነገርኳቸው? መስኮቱን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

ሚያዝያ 3

ትናንት ዝናብ ጣለ፣ የመጀመሪያው። ዛሬ ጠዋት ግቢው ጭቃ ነው። ኢዶ ሻምሶ እህታቸውን ሊጠይቁ መሐመድ ሞጌ ሄደዋል። በሩ ተንኳኳ። ዓብዲከሪም ናቸው። ያው ጃኬት። ነገ ወደ ኖርዌይ እንደሚመለሱ ነገሩኝ። በእንግሊዝኛ ነው ያወራነው፤ መሃላችን ፈዲላ የለችም።

“አንቺን ብዬ ነው የመጣሁት” አሉ። “ሻምሶ እያለች ማለቱ ያሳፍረኛል።”

ሁሉንም ደርሰውበታል ብዬ አሰብኩ። ዛፏ ጋ አብረን ሄድን። ጭቃው ላይ ቁጢጥ አሉ፣ በዚያ ቁመታቸው።

“ያኔ ስመጣ ወንድሜ ብዙ ሊያጫውተኝ ይፈልግ ነበር” አሉ። “እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ቤት ስዞር ነበር የምውለው። እዚህ ላይ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ መሰለሽ። እግሬ ሥር ነበረች። እሱም ‘ተከልኩ’ አላለኝም። ራሴ እስካይ ነው የጠበቀው።”

ከሥሯ ላይ ጭቃውን በጣቴ ጠረግኩ።

“ለቀብሩ አልደረስኩም። ፈቃድ ከለከሉኝ። በስልክ ነው አፈር ሲጣልበት ያየሁት።” ቅጠሏን በአንድ ጣታቸው ነኩ። “ሰዎች በክርክር የተረታሁ ይመስላቸዋል። መከራከር እችል ነበር። መሬቱን ለአያንሌ በስልክ ሰጥተኸዋል ትላለች፤ ብዬው ይሆናል፣ አላስታውስም፣ በዚያ ዘመን ብዙ ነገር በስልክ ብያለሁ። የተውኩት ግን ስለዚያ አይደለም። እጁ የተከለውን ነቅዬ ቤት ልሠራ? አልሆነልኝም።”

አሁን ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ብናገር ይህ ሰው ወንድሙን ሁለተኛ ይቀብራል፤ ኢዶ ሻምሶም ማታ ከመሐመድ ሞጌ ሲመለሱ የሚገቡበት አይኖራቸውም። ይህን አስቤ ነው ዝም ያልኩት ብዬ ልጽፍ ነበር። እውነቱ፣ ፈራሁ።

“አንድ ነገር ልለምንሽ” አሉ። “ከእሷ ቅርንጫፍ ብወስድ እዚያ ይበቅላል? ቤት ውስጥ፣ መስኮት አጠገብ?”

ሥር ሊያወጣ እንደሚችል ነገርኳቸው፤ ትዕግሥት ይፈልጋል አልኩ። ፊታቸው በራ። ቢላ ላመጣ ገባሁ።

የጎን ቅርንጫፍ መቁረጥ ቀላል ነበር፣ ዛፏንም አይጎዳትም። ግን ከጎን የተቆረጠ ዝግባ ሥር ቢያወጣም አይቆምም፤ ዕድሜውን ሁሉ እንደ ቅርንጫፍ ተጋድሞ ነው የሚያድገው። ቀጥ ብሎ ዛፍ የሚሆነው ከጫፏ የተቆረጠው ብቻ ነው። ጫፏ ደግሞ አንድ ናት። እሷን ከወሰድኩ የኔዋ ምናልባት ከእንግዲህ ቀጥ አትልም። ሰውየው ይህንን አያውቁም። የጎኑን ብሰጣቸው አመስግነው ይሄዱ ነበር።

ጫፏን ቆረጥኩላቸው። ቁርጡን በእርጥብ ጨርቅ፣ ጨርቁን በፌስታል ጠቀለልኩ። አየር ማረፊያ ላይ ምን እንደሚሏቸው አልጠየቁኝም፣ እኔም አላነሣሁም። አሸዋና አፈር እንዴት እንደሚያደባልቁ፣ ላስቲክ እንዴት እንደሚያለብሷት፣ ውኃ እንዳያበዙባት ነገርኳቸው። እያንዳንዱን ነገር ደግመው እየጠየቁ ያዙ።

በሩ ላይ ደርሰው ዞሩ።

“ይህች ስታድግ የእሷ ልጅ ናት የምትባለው?” አሉኝ።

“አይ” አልኳቸው። “ከዘር ቢሆን ልጇ ነበረች። ቆርጠን ስናበቅላት ግን ራሷ ናት። አንድ ዛፍ ናቸው።”

“ራሷ” አሉ። ፌስታሉን ጃኬታቸው ውስጥ ደረታቸው ላይ አስገቡትና ዚፑን እስከ አንገታቸው ዘጉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። “እንግዲያው አያንሌ ቤቴ መጣ ማለት ነው። ከዚህ በፊት መጥቶ አያውቅም።”

ልላቸው የሚገባ ነገር ነበረኝ። ያልኳቸው ግን ማሞቂያ አጠገብ እንዳያስቀምጧት ነው።